ፓርኪንጉን የከለከለች ከተማ

(ቺካጎ ውስጥ በኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አመሻችሁ።

ወደ መድረኩ ከመውጣቴ በፊት አንድ አባት ጠጋ ብለው የጠየቁኝ ጥያቄ ይዤው ከመጣሁት ጽሑፍ ስለበለጠብኝ በእሱ እጀምራለሁ። «ልጄ፣ ይህ ከተማ ከአሥራ አንድ ሺህ በላይ ፖሊስ አለው ይባላል። ከንቲባው የኢሚግሬሽን ወኪሎቹን ሥራ በቴሌቪዥን ሲያወግዙ ሰምተናል። ታዲያ ፖሊሳቸውን ልከው ለምን አላስቆሟቸውም? ካልሆነ ማውገዙንም ይተዉት!» አሉኝ።

ጥያቄያቸው መንግሥትን ካየንበት መንገድ ይመነጫል። ባደግንበት አገር መመሪያ ከላይ ይወርዳል። ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ሲደርስ «ይህን እኔ አልሠራውም» የሚል ሹም የለም። ያለ እንደሆነ ወይ ከወንበሩ ይነሣል፣ ወይ ሸፈተ ይባላል። ስለዚህ አንድ ከንቲባ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ሲጋጭ ስናይ የምንጠብቀው ወይ እንዲታዘዝ ወይ እንዲያምፅ ነው። ቺካጎ ከሁለቱም አንዱን አላደረገችም። ለፌዴራል መንግሥቱ ያለችው «አላግድህም፤ ግን አላግዝህም» ነው። ላይ ላዩን ሲሰሙት የፈሪ ንግግር ይመስላል። እስቲ ውስጡን እንፈትሸው።

መጀመሪያ የሆነውን በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ቀኖቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025 የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር «ሚድዌይ ብሊትዝ» ብሎ የሰየመውን ስደተኞችን የመያዝ ዘመቻ በቺካጎና በዙሪያዋ ጀመረ። ከአራት ቀን በኋላ ፍራንክሊን ፓርክ ውስጥ አንድ የሜክሲኮ ተወላጅ አባት፣ ልጆቹን አድርሶ ሲመለስ፣ መኪናው ውስጥ እንዳለ በአይስ፣ ማለትም በፌዴራሉ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት፣ ወኪል ጥይት ተገደለ። ሴፕቴምበር 30 ሌሊት በሳውዝ ሾር ሠፈር አንድ ሙሉ የመኖሪያ ሕንፃ ተከበበ። ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ከላይ አንዣበበ፤ በሮች ተሰበሩ፤ 37 ሰዎች ተያዙ። የአሜሪካ ዜግነት ያላቸው ነዋሪዎች ሳይቀሩ እጃቸው በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሮ ለሰዓታት ቆይተዋል። ኦክቶበር 3 የከተማው ምክር ቤት አባል ጄሲ ፉየንቴስ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ወኪሎቹን «የዳኛ ማዘዣ አላችሁ?» ብለው ስለጠየቁ እጃቸው በካቴና ታሰረ። በማግስቱ ብራይተን ፓርክ ውስጥ አንዲት አሜሪካዊት መኪናዋ ውስጥ እንዳለች በአምስት ጥይት ተመታች። ሳትሞት ቀረች፤ ጭራሽ «ወኪሎችን አጥቅተሻል» ተብላ ተከሰሰች። ኖቬምበር ላይ ክሱን ዐቃቤ ሕግ ራሱ አነሣው።

እንግዲህ ፖሊስ ያልተላከው ለምንድን ነው? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የፌዴራል ሕግ በክፍለ ግዛት ሕግ ላይ የበላይ ነው ይላል። ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ 1889 እንመለስ፤ ታሪኩ ረዘም ቢልም ይጠቅማል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴቪድ ቴሪ የሚባል የቀድሞ ዳኛ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ በስቲቨን ፊልድ ላይ ብርቱ ቂም ይዞ ነበር። ላትሮፕ በሚባል የባቡር ጣቢያ ምግብ ቤት ውስጥ ፊልድ ቁርስ ቀርቦለት ሳለ ቴሪ መጥቶ መታው። የፊልድ ጠባቂ የነበረው የፌዴራል ማርሻል ዴቪድ ኔግል ሽጉጡን አውጥቶ ቴሪን እዚያው ገደለው። የካሊፎርኒያ ሹሞች ኔግልን በነፍስ ግድያ ጠርጥረው አሰሩት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1890 ኔግል የገደለው የፌዴራል ሥራውን ሲሠራ ስለሆነ ክፍለ ግዛቱ ሊዳኘው አይችልም ብሎ በነፃ አሰናበተው።

ይህ ፍርድ ዛሬም ይሠራል። ነገር ግን ወኪል የሆነ ሁሉ እንዳሻው ይሁን ማለት አይደለም። ወኪሉ ጥበቃ የሚያገኘው ያደረገው ነገር በፌዴራል ሕግ የተፈቀደለትና ለሥራውም አስፈላጊ የነበረ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የክፍለ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ሊከሰው በሩ አልተዘጋም። ያለፈ ወይም ያላለፈ መሆኑን ግን የሚወስነው ዳኛ ነው፤ በኋላ፣ ማስረጃ መዝኖ። መንገድ ላይ የቆመ የከተማ ፖሊስ ይህን የመወሰን ሥልጣን የለውም። ፖሊሱ ወኪሉን እጁን ይዞ ላስቁም ቢል እሱ ራሱ የፌዴራል መኮንንን ሥራ አደናቅፈሃል ተብሎ ሊከሰስ ይችላል። ከዚያ የባሰውም አለ። ሁለት የታጠቁ ኃይሎች ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ሲፋጠጡ መጀመሪያ የሚወድቀው ማን እንደሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን።

«አላግድህም» የሚለው ግማሽ ከዚህ የመጣ ነው። «አላግዝህም» የሚለውስ?

እዚህ ላይ የአሜሪካ ፖለቲካ ፈገግ ያሰኛል። በ1990ዎቹ ኮንግረስ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ታሪኩ እንዲጣራ ሲያዝ፣ ማጣራቱን በየአካባቢው ያሉ የፖሊስ ኃላፊዎች እንዲሠሩት አደረገ። ሁለት ሸሪፎች፣ አንዱ ከሞንታና አንዱ ከአሪዞና፣ «እኛ የዋሽንግተን ተቀጣሪዎች አይደለንም» ብለው ከሰሱ። በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው፤ ፍርዱን የጻፉት ወግ አጥባቂው ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ናቸው። የፌዴራል መንግሥት የክፍለ ግዛትና የከተማ ሠራተኞችን ለራሱ ፕሮግራም ማሰማራት አይችልም ተባለ። የጠመንጃ ወዳጆች በደስታ አጨበጨቡ። ዛሬ ቺካጎ ስደተኞቿን የምትከላከለው በዚያው ፍርድ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 የፍትሕ ሚኒስቴር የቺካጎንና የኢሊኖይን ሕጎች ለማስፈረስ ሲከስ፣ ዳኛ ሊንዚ ጄንኪንስ ጁላይ 25 ክሱን የዘጉት በዚሁ መንገድ ነው።

አመሉ ራሱ ከፍርዱ በጣም ይቀድማል። በ1850 ኮንግረስ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ተይዘው ለጌቶቻቸው እንዲመለሱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የቺካጎ ምክር ቤት ተሰብስቦ ሕጉን አወገዘ፤ የከተማው ፖሊስ ሰዎቹን ለመያዝ የማገዝ ግዴታ የለበትም ሲልም ወሰነ። ሴናተር ስቲቨን ዳግላስ፣ የዚህችው ከተማ ሰው፣ መጥተው ሕዝቡ ፊት ረጅም ንግግር ሲያደርጉ ምክር ቤቱ ደነገጠና ውሳኔውን ሻረ። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ሕጉን መልሶ አወገዘው። ይህን ወላዋይነት ሳነብ ደስ ይለኛል። ያኔ የነበሩት የምክር ቤት አባላትም እንደ ዛሬዎቹ ምርጫቸውንና ወንበራቸውን የሚያስቡ ተራ ፖለቲከኞች እንጂ ቅዱሳን አልነበሩም ማለት ነው።

በ1985 ከንቲባ ሃሮልድ ዋሽንግተን፣ የከተማዋ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ፣ ለሥራና ለፈቃድ የሚያመለክቱ ሰዎች ስለ ዜግነታቸው እንዳይጠየቁ የሚል ትእዛዝ ፈረሙ። ትእዛዙ በ2006 የምክር ቤት ደንብ ሆነ፤ በ2012 ሰፋ፤ በ2021 የቀሩት ክፍተቶቹ ተደፈኑ። በ2017 የክፍለ ግዛቱ ሕግ ሲታከልበት የፈረሙት ሪፐብሊካኑ አገረ ገዢ ብሩስ ራውነር መሆናቸውን ብዙ ሰው ረስቶታል። በጃንዋሪ 2025 አዲሱ ፕሬዚዳንት ሊገቡ ቀናት ሲቀሩ ደንቡን ለማላላት የቀረበውን ሐሳብ ምክር ቤቱ በ39 ለ11 ድምፅ ጣለው።

የደንቡ ጥበብ ሁሉ አለመጠየቅ ላይ ነው። የክሊኒኩ ጸሐፊ፣ የታክሲ ፈቃድ የሚሰጠው ሠራተኛ፣ የትራፊክ ፖሊሱ «ወረቀት አለህ?» አይሉም። ስላልጠየቁ አይመዘግቡም። ያልተመዘገበውን ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ በፍርድ ቤት አስገድዶ ሊወስደው አይችልም። እንደኛ ያለ መዝገብ የሚያስፈራው ሕዝብ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቀበሌ ስማችንን የት እንዳሰፈረ እያሰብን ያደግን ሰዎች ነን።

አሁን ወደ ፓርኪንጉ ልምጣ።

ወኪሎቹ ጠዋት ጠዋት የሚሰባሰቡበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ታርጋቸው የማይታወቅ መኪኖች ይደረደራሉ፣ ሰዎቹ ጭንብላቸውን ያጠልቃሉ፣ የተያዘው ሰው ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ይዛወራል። ለዚህ ሰፊ ባዶ ቦታ ይፈለጋል፤ ከተማ ውስጥ ሰፊ ባዶ ቦታ ያለው ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ኦክቶበር 6 ከንቲባ ብራንደን ጆንሰን አንድ ትእዛዝ ፈረሙ። የከተማው ንብረት የሆነ የመኪና ማቆሚያ፣ ባዶ መሬትና ጋራዥ ለኢሚግሬሽን ዘመቻ መሰባሰቢያ፣ የተያዙ ሰዎችን ማስተናገጃ ወይም መነሻ ሆኖ እንዳያገለግል ከለከሉ። ማስታወቂያ ይለጠፍ፣ መዝጋት የሚቻለው በር ይዘጋ ተባለ። የግል ባለ ንብረቶችም ከፈለጉ ተመሳሳይ ማስታወቂያ ደጃቸው ላይ እንዲለጥፉ ተጋበዙ።

ብዙ ሰው ሳቀ። ሄሊኮፕተር ይዞ ለመጣ ኃይል «እዚህ መኪና ማቆም ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ! እኔ ግን ከንቲባው ካደረጉት ሁሉ ብልኅ ነገር ይህን እላለሁ። ከተማዋ በዚያ ሳምንት በእርግጠኝነት የእኔ ነው ልትለው የምትችለው ምን ነበራት? መንገዱ የሕዝብ ነው፣ ማንም ይሄድበታል። አየሩ የፌዴራል ነው። መሬቷ ግን የእሷ ነው። ባለ መሬት ደግሞ «ከግቢዬ ውጡልኝ» ብሎ ፍርድ ቤት ሲሄድ ፖለቲካ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ የባለቤትነት ወረቀቱን ማሳየት ይበቃዋል።

የትእዛዙ ልክም ወዲያው ታየ። በዚያው ሳምንት የድንበር ጠባቂዎች ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኡበርና የሊፍት ሾፌሮች ተራ በሚጠብቁበት ማቆሚያ ገብተው ሾፌሮችን ያዙ። ኦሄር የከተማው ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያ ማቆሚያ የእንጀራ ቦታው የሆነ ሰው ስንት እንደሆነ እጅ አላስወጣችሁም። ሰሌዳ ለነገ ክርክር ማስረጃ ይሆናል እንጂ በዚያች ሰዓት ማንንም ከመያዝ አላዳነም።

ከቺካጎ በስተ ምዕራብ ያለችው ብሮድቪው የምትባል ትንሽ መንደር ደግሞ በአጥር ተሟግታለች። ስምንት ሺህ ያህል ሕዝብ ብቻ አላት፤ ግን የተያዙ ሰዎች የሚታጎሩበት የአይስ ሕንፃ እሷ ውስጥ ነው። ተቃዋሚው ሲበዛ የፌዴራል መንግሥቱ ሕንፃው አጠገብ፣ በመንደሯ የሕዝብ መንገድ ላይ፣ አጥር አቆመ። ብሮድቪው ከሰሰች። አቤቱታዋ ስለ ሰብአዊነት ወይም ስለ ስደተኛ መብት ረጅም ሐተታ አልነበረውም፤ መንገዱ የእኔ ነው፣ ያለ ፈቃዴ ተዘግቷል፣ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪናዬ ማለፍ አይችልም የሚል ነው። ዳኛዋ ላሾንዳ ሃንት አጥሩ ይነሣ አሉ፤ ተነሣም። ሠራዊት ያለው መንግሥት በአንዲት መንደር የእሳት አደጋ መኪና ተረታ።

ፍርድ ቤት ውስጥ የተካሄደው ትልቁ ሙግት ግን የከተማዋ አልነበረም። ጋዜጠኞች፣ የሃይማኖት አባቶችና ተቃዋሚዎች በራሳቸው ስም ከሰሱ። ጉዳዩ ለዳኛ ሳራ ኤሊስ ደረሰ። ኦክቶበር 9 ጊዜያዊ እግድ ሰጡ፤ ጋዜጠኛን አትንኩ፣ ሳታስጠነቅቁ አስለቃሽ ጭስ አትተኩሱ፣ መለያችሁን አሳዩ። ቆየት ብለውም ካሜራ ያላችሁ ደረታችሁ ላይ አድርጉ አሉ። ኦክቶበር 25 ኦልድ ኧርቪንግ ፓርክ ውስጥ ልጆች ለሃሎዊን ሰልፍ ሊወጡ ሲሉ ጭስ ተተኮሰ። የድንበር ጠባቂዎቹ አዛዥ ግሪጎሪ ቦቪኖ ችሎት ቀርበው ተጠየቁ፤ ዳኛዋ በየምሽቱ እየመጡ የዕለቱን ሁኔታ እንዲያስረዱ ቢያዙም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን አስቀረው። ኖቬምበር 6 ሰፋ ያለ እግድ ወጣ፤ ይግባኝ ሰሚው እሱንም ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው ብሎ አገደው።

ታዲያ ከዚህ ምን ተረፈ? 233 ገጽ ተረፈ። ኤሊስ ኖቬምበር 20 ያወጡት ጽሑፍ ወኪሎቹ የጻፉትን ሪፖርት ካሜራቸው ከቀረፀው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመረምራል። ቦቪኖ ሊትል ቪሌጅ ውስጥ ጭስ የወረወሩት ድንጋይ ስለመታቸው ነው ብለው ነበር፤ ቪዲዮው ሲቀርብ ድንጋዩ አስቀድሞ እንዳልመታቸው አመኑ። አንድ ወኪል ደግሞ ስለተጠቀመው ኃይል የሚያስረዳውን ሪፖርት በቻትጂፒቲ ሲያጽፍ የራሱ ካሜራ ቀርፆታል! ያን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዱ ታገደ፤ የተጻፈው ግን ተጽፏል። ነገ የሚከስ ሰው ከባዶ አይጀምርም።

ይህን ማስረጃ ያከማቸው ማን ነው? ፖሊስ አይደለም፤ ማዘጋጃ ቤትም አይደለም። ሠፈሩ ነው። ፒልሰንና ሊትል ቪሌጅ ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠለጠለ። ወኪሎች አካባቢው ላይ ከታዩ ቆረጥ ቆረጥ እያደረጉ ይነፋል፤ ሰው እየተያዘ ከሆነ ሳያቋርጡ ይነፋል። ፊሽካው ሲሰማ ወረቀት የሌለው ወደ ቤቱ ይገባል፤ ወረቀት ያለው ስልኩን ይዞ ይወጣል። ወላጆች ልጆችን በቡድን ወደ ትምህርት ቤት አጀቡ። ብስክሌተኞች በማለዳ እየዞሩ የመንገድ ሻጮችን ታማሌ (የሜክሲኮ የበቆሎ ምግብ) ጠቅልለው ገዙ፤ ሻጯ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ከመጋለጥ ወደ ቤቷ እንድትገባ፣ ምግቡም ለተራበ እንዲሰጥ። ይህን ያዘዘ ከንቲባ የለም። ፊሽካ ሰዎችን እንዳዳነ ግን ከወኪሎቹ ብስጭት መረዳት ይቻላል።

እውነቱን ለመናገር የከተማዋ ደካማ ጎን ፖሊሷ ነው። በብራይተን ፓርኩ ተኩስ ቀን ፖሊሶች ወደ ስፍራው እንዳይሄዱ ታዘዋል የሚል ክስ ከፌዴራል ወገን ተነሣ፤ ዋና አዛዡ ላሪ ስኔሊንግ አስተባበሉ። እኚሁ አዛዥ የወኪሎችን መኪና የሚከብ ሰው ጥይት ሊገጥመው እንደሚችል አስጠነቀቁ፤ ነዋሪው ደግሞ «የማን ፖሊስ ነህ?» አለ። ኦክቶበር 14 በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወኪሎች በተኮሱት አስለቃሽ ጭስ 13 የቺካጎ ፖሊሶች ራሳቸው ታፍነዋል። አላግድም አላግዝም የሚለው መርህ ወረቀት ላይ ያምራል። ሁለት ወገን በሚገፋፋበት መንገድ መሐል ለቆመ የሃያ አምስት ዓመት ፖሊስ ግን እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አይነግረውም። ሰልፈኛውን ከመኪናው ሲያርቅ ወኪሉን እያገዘ ነው? ካላራቀስ? ለዚህ የረካሁበት መልስ ከማንም አልሰማሁም።

የፌዴራሉን ወገን ክርክር ሳልነካ ባልፍ ደግሞ አድልዎ ይሆንብኛል። እነሱ የሚሉት ይህ ነው፦ ወንጀለኛውን ከእስር ቤታችሁ ብታስረክቡን ኖሮ መንገድ ላይ አንወጣም ነበር። ይህ ከክርክራቸው ሁሉ ጠንካራው ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም የሚስማሙበት እንዳሉ አውቃለሁ። ሆኖም ዘመቻው ያጨደውን እንይ። ያለ ማዘዣ መያዝን በሚመለከት ሌላ ክስ ዳኛ ጄፍሪ ከሚንግስ የተያዙ ሰዎች ዝርዝር እንዲቀርብ አዘው ነበር። የፍትሕ ሚኒስቴር ራሱ ያቀረበው ዝርዝር 614 ስም ነበረው። ከ614ቱ ለሕዝብ ደኅንነት ከፍተኛ ሥጋት የሚባል የወንጀል ታሪክ አላቸው ተብለው የተመዘገቡት 16 ናቸው። ወንጀለኛ ፍለጋ ከሆነ የመጣው፣ መረቡ ጥቂት ዓሣ ለመያዝ በጣም ሰፊ ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን በፍጥነት ልለፈው። አገረ ገዢ ጄ ቢ ፕሪትዝከር በኦክቶበር ምስክርነት የሚሰበስብና የሚያደራጅ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ሰብሳቢው የቀድሞው የፌዴራል ዳኛ ሩበን ካስቲዮ ናቸው። ፕሬዚዳንቱ ናሽናል ጋርድ የሚባለውን የክፍለ ግዛቶች ተጠባባቂ ጦር ለማሰማራት ያደረጉትን ሙከራ በመጀመሪያ ዳኛ ኤፕሪል ፔሪ አገዱት፤ ዲሴምበር 23 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አልፈቅድም አለ። ከቴክሳስ የመጡት ወታደሮች ቺካጎ ውስጥ ሳይሰማሩ ተመለሱ።

ትንሽ ልቆይበት የምፈልገው ዲሴምበር 9 ሊትል ቪሌጅ ውስጥ የተፈረመውን የኢሊኖይ ሕግ ነው። የከተማ ፖሊስ መብታችሁን ቢጥስ በ1871 የወጣ ሕግ አለ፤ ፖሊሱን በግል ስሙ ከስሳችሁ ካሣ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። የፌዴራል ወኪል ያንኑ ቢያደርግ ግን ያ ሕግ አይመለከተውም። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠባብ በር ከፍቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ አጥብቦት በ2022 ጨርሶ የዘጋው ያህል አደረገው። ማለትም ቤታችሁን የሰበረው ሰው ደረት ላይ ያለው ባጅ የከተማ ከሆነ ትከሳላችሁ፤ የፌዴራል ከሆነ ለእንባችሁ ሰሚ ፍለጋ ትዞራላችሁ። የኢሊኖይ ሕግ ያን ክፍተት በክፍለ ግዛት ሕግ ለመድፈን የተሞከረ ነው። በፍርድ ቤት ደጃፍ ሰው እንዳይያዝም ይከለክላል። የፍትሕ ሚኒስቴር ወዲያው ከሶታል። ስለዚህ ሕጉ አለ ብላችሁ አትተኙ፤ ይጽና አይጽና ገና በክርክር ላይ ነው።

ይህ ሁሉ የቺካጎ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጃንዋሪ 2026 ተራው የሚኒያፖሊስ ሆነ፤ ብዙዎቻችሁ ዘመድ ያላችሁባት ከተማ። ጃንዋሪ 7 አንዲት የ37 ዓመት አሜሪካዊት መኪናዋ ውስጥ በአይስ ወኪል ተገደለች። ጃንዋሪ 24 አንድ አሜሪካዊ የጽኑ ሕሙማን ነርስ በድንበር ጠባቂዎች ተገደለ። ከተማዋ ከጎረቤቷ ከሴንት ፖልና ከክፍለ ግዛቱ ጋር ሆና ዘመቻው በሙሉ እንዲቆም ከሰሰች፤ ዳኛዋ ግን ዘመቻውን የሚያቆም እግድ አልሰጡም። እንግዲህ አስቡት፤ «ከአጥሬ ዘወር በል» ያለችው ትንሿ ብሮድቪው አሸነፈች፤ «ከከተማዬ ውጣ» ያሉት ትልልቆቹ እግድ አጡ። ፍርድ ቤት ጠባቡን ጥያቄ ይወዳል። ከንቲባዎች ግን ጠባብ ጥያቄ በመጠየቅ አይጨበጨብላቸውም፤ ችግራቸው ይህ ነው።

ጃንዋሪ 31 ከንቲባ ጆንሰን አዲስ ትእዛዝ ፈረሙ። የቺካጎ ፖሊስ ወኪሎች ሕግ ሲጥሱ ካየ ወይም አቤቱታ ከደረሰው እንዲመዘግብ፣ የካሜራውን ቅጂ እንዲያስቀምጥና ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ እንዲደርስ የሚያዝ ነው። ለጠየቁኝ አባት ቀጥተኛ መልስ የሚሆነው ይህ ነው። ፖሊሱ ተልኳል፤ የተላከው ግን ሽጉጥ ሊመዝ ሳይሆን ሊጽፍ ነው። ያነሰ ይመስልዎት ይሆናል፣ አባቴ። ኔግልን ያሰረችው ካሊፎርኒያ የጎደላት ሽጉጥ አልነበረም።

ወደ እኛው ጉዳይ ልመለስና ላብቃ። በዲሴምበር 2025 የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ኢትዮጵያውያን ከ2022 ጀምሮ ያገኙት የነበረውን ጊዜያዊ ከለላ እንደሚያቋርጥ አስታውቋል። ፈቃዳችሁ በዚያ ላይ የተመሠረተ ሰዎች የፌስቡክ ወሬ ትታችሁ ዛሬውኑ ጠበቃ አማክሩ። በር ሲንኳኳ ማዘዣው ላይ የፈረመው ማን እንደሆነ እዩ፤ የአይስ መኮንን ፊርማና የዳኛ ፊርማ አንድ አይደለም። ከወኪል ጋር አትጋፉ፤ ከርቀት ቅረፁ። የቀረፃችሁትንም ወዲያው ለወዳጅ ላኩ፤ ስልክ ይጠፋል።

በዚያ የኦክቶበር ቀን ኦሄር ማቆሚያ ውስጥ የነበራችሁ ሾፌሮች ደግሞ ያያችሁትን ጻፉልኝ። ሰዓቱን፣ የመኪናውን ዓይነት፣ ማን ምን እንዳለ። እንግሊዝኛችን አይበቃም ብላችሁ አትተዉት፤ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ ጻፉት፣ ተርጓሚ እኛ እንፈልጋለን። ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ፤ ሁለት ጠበቆችም ተቀምጠዋል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።